ቀጠሮ

ጫጫን ዞሬ ስመለስ፣ ሠላሳ ሁለት ላይ፣ ገብሱ ሁሉ ወደ እኔ አዘንብሎ፣
ከጣርማ በር የወረደው ንፋስ ፊት ለፊቴ ቆመ፣ ኬላ ጠባቂ መስሎ።

ያኔ እግሬ ከሰሰኝ።

ባቴን ምስክር አድርጎ፣ ጉልበቴን ጠበቃ፣
«ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ» አለ፣ «ይህ ነገር ይብቃ፤
በሌሊት ውርጭ ላይ ታስሮጠኛለች፣ ‹ደከመህ ወይ?› ሳትል፣
ቀን መዝገብ ቤት ታቆመኛለች፣ ፋይል ስታቀብል፤
የአውራ ጣቴ ጥፍር ሁለት ጊዜ ወልቋል፤
ካሳው የታል? ማን ጠይቋል?»

እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል አልዋሸም።
መልስ ልሰጥ ከንፈሬን ባላቅቀው፣ ምራቅ አልነበረኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን ጭንቅላቴ ነው፤
የእኔ ወገን መስሎኝ ሳምነው፣
እንደ እግሬ አይጮኽም፤ አቧራ እፍ እያለ የቆየ መዝገብ ነው የሚያወጣው፦

«የክለቡ አሠልጣኝ ምን ነበር ያለሽ? ‹ልብሽ ይሮጣል እንጂ እግርሽ አይሮጥም።›
ባልሽስ ሻንጣውን ሲሸክፍ? ‹አንቺ ያገባሽው አስፋልቱን ነው› አላለሽም?
ይኸው ባጃጅ ቆሟል፤ ሁለት ሰው ይዞ ሦስተኛ ይጠብቃል።
ግቢ። ማን ያይሻል?»

ስሜ በለጥሻቸው ነው፤ ማንንም በልጬ አላውቅም።
ግን አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ሳገላብጥ፣ የሰላድንጋዩን አቶ ጌጤነህን አልረሳም፤
አንድ ቀንበር ለማታህል ቁራሽ መሬት ዘጠኝ ዓመት የተመላለሱ፣
በየክረምቱ አንድ ጥርስ አጥተው፣ በዚያው ካፖርት የተመለሱ።
«ዛሬስ ተፈረደብዎት?» ስላቸው፣ ወረቀቷን አራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ እየከተቱ፣
«ኧረ ማን ፈርዶብኝ? ቀጠሮ ነው» ብለው ይሄዳሉ፣ እግራቸውን ወደ መናኸሪያ እየጎተቱ።

ቀጠሮ!

ዳኛው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ በተሰነጠቀ ድምፅ አነበብኩ፦
«ክሱ ተሰምቷል። ሁለቱም ወገኖች እስከዚያ የመብራት ምሰሶ ይቅረቡ።»
ምሰሶው ደረሰ። እግሬ ጮኸ። «መዝገቡ አልተመረመረም፤ እስከ ኩበት ክምሩ።»
«ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እስከ ባሕር ዛፉ ሥሩ።»
«መብራት ጠፍቷል»፣ «ምስክር ጎድሏል»፤ እስከ አህያዋ፣ እስከ ድንጋይ አጥሩ።

ጭንቅላቴ ይግባኝ አለ። ለይግባኙም ቀጠሮ ሰጠሁት።

ሠላሳ ስምንት ላይ አስመለሰኝ። ተራመድኩ። አልክድም።
ሦስት ምሰሶ ሙሉ እየተራመድኩ አለፍኩ፤ መራመድ መቅረት አይደለም።
ከዚያ እግሬ፣ ማን እንዳዘዘው እንጃ፣ ክሱን ሳያነሳ፣ ሳይታረቀኝ፣
እያጉረመረመ፣ በበሬሳ ድልድይ ላይ አሻገረኝ።

መድረሻው ላይ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር።
«ስም?» አለ ልጁ፣ እስኪርቢቶውን ጥርሱ ውስጥ አድርጎ።
«በለጥሻቸው።»
ወደ ባዶው መንገድ ዞሮ አየ።
«እነማንን?»
ሳቅ መጣብኝ፤ የሚስቅ ጡንቻ ግን አልቀረኝም።

ሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱን ደረጃ፣ ብረቱን ይዤ፣ በጎን በጎን ስወርድ፣
አቶ ጌጤነህ አግዳሚው ላይ ነበሩ፤ ካፖርታቸውን ሰብስበው ከብርድ።
አዩኝ። እግሬን አዩ። ዱላቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።
«አንቺም ጉዳይ አለሽ እንዴ?»
«አለኝ» አልኳቸው።
«ምን አሉሽ?»
«ቀጠሮ።»