ዕዳው ገብስ ነው

ሣሩን የማጭደው እኔ ነኝ፤ በየማክሰኞው ማለዳ
የከተማውን ማጨጃ አስነስቼ፣ ጫፍ እስከ ጫፍ ስነዳ
አርባ ሺህ ባዶ ወንበር ቁጭ ብሎ ያየኛል፤
አንዳንዴ ስዞር፣ ያጨበጨበ ይመስለኛል፤
ለካ የላላ ቆርቆሮ ነው፣
የኢሪ ሐይቅ ነፋስ የሚያማታው።
ማንም አይጫወትበት። ውሉ ግን እንዲህ ይላል፦
ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ፣ ሣሩ ከሦስት ጣት እንዳያልፍ።

ያን ጊዜ፣ የሃርዊክ ማዘጋጃ አዳራሽ ጢም ብሎ፣
አንድ አማካሪ መጣ፣ ሥዕልና ስሌት አንጠልጥሎ፤
«አንድ ዶላር ብታወጡ ሦስት ተመልሶ ይገባል፤
ሆቴሉ ይሞላል፣ ሰፈሩ እንደ አዲስ ያብባል።»
«ብድሩስ?» አለ ቨርኔል ተብስ፣ ጠጉር አስተካካዩ፤
«ዕዳው ገብስ ነው» አሉት፣ እርስ በርስ እየተያዩ።
እኔም «ይሠራ» ብያለሁ፤ አልዋሽም።
ልጄ ቡድኑን ይወድ ነበር።

የቨርኔል ሱቅ ዛሬ የክብር እንግዶች መኪና ማቆሚያ ነው፤
ቁጥር ዐሥራ ሰባት።
ዋንዳ ኮዛክ ሾርባ ቤቷን ተበድራ አሰፋች።
ጨዋታው በዓመት ስምንት እሁድ። ስምንት!
በነዚያም እሁዶች ሰው በመኪናው መጣ፣
ቋሊማውን እውስጥ በላ፣ ቢራውን እውስጥ ጠጣ፣
በመኪናው ሄደ፤
ዋንዳ መስኮቷን ስትወለውል ዋለች።

ከዚያ አንድ የየካቲት ሌሊት፣ በረዶ ሲጥል፣
ሰባት የጭነት መኪና መጣ፤
ማልያውን ጫነ፣ የዋንጫ መደርደሪያውን ጫነ፣
ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞቃቱ አገር ነዳ።
ሙሽራው ሌላ ሰርግ ላይ ይጨፍራል፤
እኛ ዘንድ የቀረው የድንኳኑ ኪራይ፣ የድግሱ ዕዳ።

ትናንት ለልጅ ልጄ ዳይፐር ገዛሁ፤
ከደረሰኙ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ስታዲየም፣ ዐሥራ አንድ ሳንቲም።»
ሕፃኑ የተወለደው በግንቦት ነው፤
ጨዋታ አላየም፤ ይከፍላል።
ቤተ መጻሕፍቱ ሰኞና ሐሙስ ብቻ ይከፈታል።

«ሜዳ ላይ ቀረን» ይላል ሰው፤ እኔ ግን የምሬን ሜዳ ላይ ነኝ፤
ደመወዜም ከዚያችው ዐሥራ አንድ ሳንቲም ነው፤ ምን አፍ አለኝ?

ገብስስ ቢሆን ደግ ነበር፤ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል፤
ጎተራ ይገባል፤ ቢያንስ ተበልቶ ያልቃል።
ይሄ ሣር ነው። አጭጄ ከአጥሩ ጀርባ እደፋዋለሁ፤
ማክሰኞ ስመለስ ግን፣ ልክ እንደ ወለዱ፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ
አድጎ አገኘዋለሁ።