የጎማ ጥርስ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጎማ ፋብሪካ፣
ጥርስ ሳወጣ ኖርሁ፣ በጣቴ ስለካ።
ስንቱ ዓለምን ዞረ፣ እኔ ያተምሁት ጎማ፣
እኔ ግን አውቶቡስ፣ ከቤት እስከ ከተማ።

ብስክሌት ነበረኝ፣ ቀይ፣ ደወሉ ዲዳ፤
ኔዣ ስትወለድ፣ ቦታ አጣ ከጓዳ።
ለጎረቤት ሰጠሁት። ሸጠው። አልተቀየምሁም።
ከዚያ ወዲያ እግሬ
ደረጃ እንጂ ፔዳል አልረገጠም።

ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ወር ያዘ፣
ሐኪሙም ለጉልበቴ "ፔዳል ርገጪ" ብሎ አዘዘ፤
በወረቀት ጽፎ፣ እንደ ሽሮፕ፣ ሰጠኝ፤
ወደ ማትያዥ ሱቅ ሄድሁ፣ እዚሁ፣ እኛው ክራኝ።

ማትያዥ የለም፤ ልጁ ቲለን ነው ያስተናገደኝ።
ሁለት አወጣና ጎን ለጎን አቆመልኝ።
አንዱ ወፍራም ጎማ፣ አንገቱ ላይ ሞላ፣
ፍየል ነው ቁርጥ፣ ገደል የሚበላ።
ሁለተኛው ቀጠን፣ ቀና ያለ፣ ጨዋ፤
"ሃይብሪድ ነው" አለኝ።
ዲቃላ ነው ለካ! የበቅሎ ነገር ነዋ፤
"አባትሽ ማን?" ሲሏት፣ ፈረስን በእናቷ
የምትጠራ በቅሎ፣ አፍራ በአህያ አባቷ።

"ወይዘሮ ዝዴንካ፣ የት ነው የሚነዱት?" አለኝ በአክብሮት።
"ተራራ ነው" አልሁት። ከየት መጣ ድፍረት?
ሽማርዬትናን በመስኮቱ፣ በአገጬ አሳየሁት፣
ትናንት ወጥቼ የወረድሁት ይመስል፣ እንደ ጎረቤት።

እውነቱ ሌላ ነው። ሐሙስ ገበያ፤ ከወንዙ ዳር አትክልቴ፤
እሁድ የኔዣ ቤት፣ ሾርባ ይዤ በሳህኔ፣ በፎጣ ጠቅልዬ በቅርጫቴ።
አስፋልት፣ አስፋልት፣ አስፋልት፣
መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ጠጠር።
ግን ማን እንዲህ ይላል፣ ወጣት ፊት ቆሞ፣
"ድንች ላመላልስ" ብሎ፣ ተራራ ተሸክሞ
በዓይኑ?

ፍየሉን አስቀደምሁ፤ እግሬን አሻግሬ፤
ልጁ ዞር አለልኝ፣ አይቶ እንዳላየ፣ ለክብሬ።
"ብስክሌት አይረሳም" ይላሉ። ይረሳል።
ሃያ ሜትር ሙሉ መሪው፣ እንደ ሰካራም፣ ግራ ቀኝ ይላል።
ከዚያ ወገቤ ቀድሞኝ አስታወሰ፤
ጥርሱ ግን አስፋልቱ ላይ እያጉረመረመ ጉልበቴን ጨረሰ።
የማውቀው ድምፅ ነው፦ ሻካራ ድብልቅ፣ ጥልቅ ቦይ፣
ለጭቃ ያበሰልነው፤ ደረቅ መንገድ ላይ ምን ያድርግ፣ ወይ!

በቅሎዋ ግን፣ ነካ ሳደርጋት ሄደች፤
የገበያውን መንገድ ሳልነግራት ታውቃለች።
ሳቫ በቀኜ ሆነ፣ ነፋሱ ካፖርቴን ነፋው፣
የአንድ ሽማግሌ ውሻ አሳደደኝ፣ ሰለቸው፣ ተወው።
እየሳቅሁ ነበር መሰለኝ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ግን፣ ከአትክልቴ በር በፊት፣
ያች ሰባት እርምጃ የማትሞላ ዳገት!
ጠጠሯ ተንከባለለ፣ የኋላው ቸርኬ ዳጠ፣
ወረድሁ፤ ገፋሁ፤ ሐሳቤ ዳግም ተናወጠ፤
ፍየል፣ ፍየል አለኝ።

ተንበረከክሁና አውራ ጣቴን ጎማው ላይ አሳረፍሁ።
መሃሉ ልስልስ፣ ጠርዙ ጭራሽ መላጣ፤
ይህን የመሰለ፣ በኔ ፈረቃ ቢመጣ
አያልፍም ነበር። ለድራጎ እመልሰው ነበር፣
"ጥርስ አብቅልበት" ብዬ፤ ይሳደብ ነበር፤ ያበቅልበት ነበር።

ስመለስ ቲለን ብቅ አለ ከጓሮ፤
"ታዲያ የቱ ሆነ?"
"በቅሎዋ። ግን ጫማዋ ተቀይሮ።
አርባ ሚሊ ወርድ፤ መሃሉን ልሙጥ አድርግልኝ፣
ጠርዙ ላይ ጥርስ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አጭር። ጻፍልኝ።"
ወረቀት አጣና መዳፉ ላይ ጻፈ፤
ቀና ብሎ አየኝ፣ ጥያቄው ከአፉ አለፈ፦
"እርስዎ ተራራ ወጪ ነዎት?"

"አይ" አልሁት። "ድንች አመላላሽ።"

ከፈልሁ። ወጣሁ። ተራራውን ዞሬ አላየሁም።
አንዴ ብቻ።