ጎማው እስኪለጠፍ

ድልድዩን ተሻግረን ደሴቷን ስንረግጥ
ምስማር ወጋንና ጎማችን ሟሸሸ።
«አንድ ሰዓት» አለን የጋራዡ ጌታ፤
በሚጠርግበት ጨርቅ እጁ ይበልጥ ቆሸሸ።

በአንድ ሰዓት ደግሞ ምን ከተማ ይታያል?
ባሌ ዘርዐብሩክ ቁጭ ማለት ይወዳል፤
ለኔ ግን ከጎማ የባሕር ሽታ ይሻላል
ብዬ ተነሣሁኝ። እሱም ተከተለኝ፣
«ሰዓቱን ልብ በይው» እያለ እየነገረኝ።

የጋልቨስተን መንገድ ዘንባባ ለብሷል፣
በረንዳው በብረት ዳንቴል ተጠልፏል።
አስጎብኚያችን ቬልማ፣ ሰባ የዘለለች፣
ባርኔጣዋ ላይ ሁለት ላባ የሰካች፣
ስሟን ሳትነግረን «የዚች ልጅ ነኝ» አለች።
«ማዕበል ሲመጣ ‹ውጪ› ብለው ለመኑኝ፤
ድመቴን ታቅፌ ፎቅ ላይ ወጥቼ አደርኩኝ።»

«ይህ ባንክ ነበረ፣ ይህ የጥጥ መጋዘን፣
ይህ ደግሞ ቲያትር።» አንገት አቃንተን
አየን፣ ፎቶ አነሣን፣ «ውብ ነው» ብለን አለፍን።

አንድ የሞተ ዛፍ ላይ ፔሊካን ተቀርጿል።
«ኦክ ነበር» አለች፣ «ጨው ጠጥቶ ደርቋል።»
ክንፍ አለው፣ ሥርም አለው፤ የቱን ይታዘዘው?
ዘርዐብሩክ ሰዓቱን አየ።

ከመታጠፊያው ላይ አንድ የብረት አጥር
ከጉልበት አይበልጥም፣ ቁመቱ የሚያሳፍር።
«ውሻም ይዘለዋል!» ብሎ ሳቀ ካሌብ፣
ከኦሃዮ የመጣው ደረጃ ቆጣሪ ልጅ።
ቬልማ ግን አልሳቀች።
«የሚታይህ» አለች «የጦሩ ጫፍ ብቻ ነው፤
ቀሪው ከእግርህ ሥር ነው፣ አሸዋ የዋጠው፤
የቆምክበት መንገድ የመንገድ ጣሪያ ነው።»

«ሴፕቴምበር ስምንት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ» ስትል
በጣቴ ቆጠርሁት፤ በእኛ ሩፋኤል፣
ጳጉሜን ሦስት መሆኑ። የኛ ሰፈር ልጆች
ልብስ ጥለው የሚወጡበት፣ ለሰማይ ጠበል።
«ጠዋት» አለች ቬልማ «ውኃው ሰፈር ሲገባ
ሕፃናት ወጡለት፣ ተራጩ በደጃፍ፤
የሳሙና ሣጥን ታንኳ ሆኖ ሲቀዘፍ
እናቶች በመስኮት ይስቁ ነበር አሉ።»
እያሳሳቀ ነው ውኃ የሚወስደው፤
እኛ የተረትነውን እነሱ ኖረውት ነው።

ያን ሌሊት ባሕር ነው ቤት ሲመታ ያደረ፤
መታ፣ ደግሞ መታ፣ ያልመታው አልቀረ።

ቤት መምታት እወዳለሁ። ያን ቀን ግን አፈርሁ።
የቀረውን እንግዲህ ቤት ሳልመታ ልንገራችሁ።

የተረፉት ሰዎች ከተማውን አነሡት።
ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የዶሮ ቆጡን ሳይቀር
በክሪክ፤ አዎ፣ መኪናችንን እንዳነሣው ዓይነት ክሪክ፣
በመቶ የሚቆጠር ሰው እኩል እያዞረ፣
በአንድ ዙር የጥፍር ያህል።
ከሥሩ አሸዋ ከነውኃው ነፉበት።
ያ እስኪያልቅ ዓመታት፣
ሰዉ በሳንቃ ድልድይ በአየር ላይ እየሄደ
ዳቦ ይገዛ ነበር።

ከአንድ ግድግዳ ላይ የነሐስ ምልክት አለ፤
ውኃው የደረሰበት።
ካሌብ ዘለለ፣ አልነካውም።
ቬልማም ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ አልደረሰም።
«አያቴ ከዚህ በላይ ነበረች፣ ጣራ ላይ።
እህቷ ከዚህ በታች» አለችና
ወደ አይስክሬም ቤቱ መራችን፣
በትኬቱ ቅናሽ አለው ብላ።

ስልኬ ጠራ። ጎማው ተለጥፏል።
ዞር ብል ዘርዐብሩክ የለም።
ተመልሼ አጥሩ ጋ አገኘሁት፣
አጎንብሶ፣ ጣቱን በብረቱና በአፈሩ መካከል ከትቶ፣
ወደ ታች ስንት ክንድ እንደቀረ
የሚለካ ይመስል።
«ሰዓቱ» አልሁት።
«ቆይ» አለኝ።

ጋራዡ ስንደርስ መካኒኩ ክሪኩን አወረደ።
መኪናዋ ተንፍሳ አራቱም እግሯ መሬት ነካ።
የትኛውን መሬት፣ አልጠየቅሁትም።
«ሃያ ዶላር» አለ፣ እጁን እየጠረገ።