አሸንፌ ወረድኩ

ከስኳሹ ክፍል በር፣ ራውዳን አሸንፌ፣
ሦስት ለሁለት ብዬ፣ ቆምኩኝ ተደግፌ።
የጅማ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ላቤ ከግንባሬ ገና ሲፈለቅቅ፣
ጋሽ ሸምሱ መጣ፣ ደብተሩን ይዞ፣
እርሳሱን ከጆሮው እንደ ጎራዴ መዞ።
ቁጥሬን በላጲስ ፈተገ፣ እፍ አለና፣
አሥራ አንድ ቀንሶ ጻፈው እንደገና።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ ዛሬ ያሸነፍኩት!»
«አውቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ ነጥቡን ቆጠርኩት።
ማን አሸነፈ ብሎ አይጠይቅም ደብተር፤
ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን ሆነ ነው ቁምነገር።
ሦስት ለባዶ ነበር ካንተ የጠበቀው፤
ሁለቱን ጌም ለሷ ማን ነው የለቀቀው?»

ከኔ የወደቀው ሜዳ አልቀረም ወድቆ፤
ከራውዳ ስም ጎን ተጻፈ ደምቆ።
ገና ሦስት ወሯ ነው፣ ቁጥሯ ለጋ፣ ቀላል፤
አንድ ጨዋታ ብቻ ሽቅብ ያዘልላል።
የኔ የዘጠኝ ዓመት ክምር፣ የደደረ፣
እሱም ከጠርዙ ላይ ዛሬ ተሰበረ።

ባጃጅ ተጋራን እስከ ፈረንጅ አራዳ፤
ተሸናፊ ሆና ስትስቅ ራውዳ፣
እኔ አሸናፊው፣ አንገቴን ደፍቼ፣
የሷንም ከፈልኩ፣
መልሱን ረስቼ።