እሪ በከንቱ

«መድኃኒት የለውም፤ ልመደው» አለኝ፣
ካርዴን ከሰው ካርድ ላይ ደርቦ ሸኘኝ።
ከጥቁር አንበሳ በቸርችል ሽቅቡን
በእግሬ ወጣሁት፣ ቃሉን እያኘክሁ፦
መልመድ ምን ማለት ነው?
የሚጠብ ጫማ ነው? የጎረቤት ውሻ?
አዲስ አለቃ ነው?

ቤቴ ከፒያሳ ሥር፣ እሪ በከንቱ ነው።
ስሙን ያወጣለት የተዘረፈ ሰው ነው፤
በጨለማ ዘመን፣ መብራት ባልነበረ፣
ጮኾ፣ ጮኾ፣ ጮኾ፣ ሳይደረስለት ቀረ።
እንዲህ ይባላል እንጂ እኔ አልነበርኩም።
አሁን ያ እሪታ ከመንገዱ ወጥቶ
ጆሮዬ ውስጥ ከርሟል፣ ያለ ኪራይ ገብቶ።

«ጆሮህ የጮኸ እንደሁ ሰው አንስቶሃል»
ትላለች ዘርትሁን፣ የግቢው አዛውንት፣
«ቀኙ ለምስጋና፣ ግራው ለሐሜት።»
የኔ ሁለቱም ናቸው፣ ቀን ሳይሉ ሌሊት።
እስቲ ማን ቦዝኖ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ
የኔን ስም የሚያነሳ?
ሃያ ሁለት ዓመት ከማተሚያው ማሽን አጠገብ የቆምኩ፣
የሰውን ሁሉ ስም በቀለም ያተምኩ፣
የራሴን አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ያላየሁ።

ማሽኑን ሸጡት፣ ብረቱን በኪሎ፤
ጭነውት ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።
ድምፁን ግን ረሱት፣ እኔው ጋ ትተውት ሄዱ።
ጡረታዬ እሱ ነው፤
ወር ሳይጠብቅ፣ በየቅጽበቱ የሚከፈለኝ።

ቀን ቀን ይሻለኛል፤ ከተማው ያግዘኛል።
ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ፣
ቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻ እንደጣለ፣
ኤክስካቫተሩ የአሮጌ ቤት ግድግዳ ሲንድ፣
ሰው ጆሮውን ይዞ መንገድ ሲሻገር
እኔ ጠጋ ብዬ እቆማለሁ፣
ፀሐይ የመታው ሰው ዛፍ ሥር እንደሚቆም።
ዘበኛው ሥራ የምፈልግ መስሎት
«ዛሬ ቅጥር የለም፣ አባት» አለኝ አንዴ።

ጉዱ ማታ ነው።
ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ ወሬ ፈልጌ አይደለም፣
በጣቢያና ጣቢያ መሀል፣ ማንም በሌለበት፣
ሽሽሽ የሚለው ላይ አቆመዋለሁ።
አስካለ ሰሞኑን ተቆጥታ ነበር፦
«ሰው እንዴት ዝናብ በሬዲዮ ይሰማል? ባትሪስ ስንት ገባ?»
በማብሪያ ማጥፊያው ገመድ ሰካሁላት፣ ዝም አለች።
በኋላ ለመደችው።
እሷ ለመደችው።

አንድ ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፋ።
ሬዲዮው ዝም። ፍሪጁ ዝም።
ከኛ በላይ ያሉት ቤቶች ፈርሰዋል፣
ከዚያ ወገን የሚያስል እንኳ የለም።
የኔው ብቻ ቀረ፣ እንደ ልቡ፣
ባዶ አዳራሽ እንዳገኘ ካድሬ።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። እሷም ነቃች።
«ምን ይላል?» አለችኝ።
«ተሻለህ ወይ?» ያለኝ ብዙ ነው፣
«ጸበልስ ሞከርክ ወይ?» ያለኝ ብዙ ነው፤
ምን ይላል ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረ።
አፌን ገጥሜ፣ በአፍንጫዬ፣ በቀጭኑ
እንደሚለው አልኩላት።
«እንዲህ?» ብላ ያዘችው።
«ከፍ አድርጊው።» ከፍ አደረገችው።
«ትንሽ አቅጥኚው።» አቀጠነችው።
«እሱ ነው! እሱ ራሱ!» ስላት
ትንፋሿ አልቆ ሳቀች።
«ይህንን ተሸክመህ ነው ሽንኩርት ግዛ ስልህ የምትረሳው?»

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ከውጭ ሰማሁት፤
ከጎኔ፣ በጨለማ፣
ነጭ ሽንኩርት ከሚሸት የሰው አፍ ውስጥ።
የተዘረፈው ሰው ሲጮህ አምሽቶ
ከላይ አንዲት መስኮት ብትከፈትለት፣
ሌባው አይያዝም፣
ገንዘቡ አይመለስ፣
መስኮቷን ግን አይቷል።

ንጋት ላይ መብራት መጣ፤ ሬዲዮው ሽሽሽ አለ።
ጆሮዬ እንደ ልማዱ ነው፤ ማንም እያነሳኝ ይሆናል።
ልዘጋው ተነሳሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣
መልሼ ተውኩት፤
አስካለ አሁን ያለሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።