ቆሞ መወልወል

እኔ አልሄድም፤ ደረጃው ነው የሚሄድ። ቆሜ ነው የምወለውል፤
ጨርቄን ከጥቁሩ ጎማ ላይ አሳርፌ ዝም ስል
እጀታው ራሱ ይመጣል፣ የሺህ ሰው መዳፍ ይዞ፣
ያንዱን ሽቶ በሌላው ላብ በርዞ።

ምሸይረብ ነው ጣቢያው፣ ዶሃ። ከመሬት ሦስት ፎቅ ዝቅ።
ላይ ከተማው በነሐሴ ወበቅ ታፍኖ ሲማቅቅ
እኔ እዚህ ሹራብ ደርቤ፣ ጠባ መሸ ሳላውቅ
ሰዓት የምቆጥረው በሰው ነው፦
መጀመሪያ ቢጫ ቆብ በብብት ይዘው የሚያዛጉ ግንበኞች፣
ቀጥሎ መታወቂያ ባንገት ያጠለቁ የባንክ ሠራተኞች፣
ረፋድ ላይ ሻንጣ ጎታች፣ መንገድ የጠፋባቸው እንግዶች።
ኳስ ያለ ለታ ግን ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤
ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸት ደግሞ በጨርቅ አይወለወልም።

ሦስት መስመር እዚህ ይቋጠራል፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅ።
“ባንዲራችንን ሰቀሉልን!” ብዬ የመጀመሪያ ቀን ስስቅ
ሱኒታ፣ የካትማንዱዋ፣ ጨርቋን አንዴ ጨምቃ
“ታዲያ ኪራይ ጠይቂያቸው” አለችኝ፣ እሷም ስቃ።

ሰው ፊቱን ይዞ ያልፋል። እኔ የማውቀው እጁን ነው።
ሲሚንቶ የበላው አለ፣ ቀለበት የጠበበው፣
ሂናው ገና ያልደረቀ፣ በረኪና የላጠው፣
አይስክሬም ያልለቀቀው የሕፃን ጣት።
አንዱ ጭብጥ አድርጎ ሲይዝ፣ አንዱ በሽታ ፈርቶ በጣት ጫፍ
ነካ አድርጎት ሲያልፍ፣
ሁሉንም አንድ ጨርቅ ይውጠዋል።
የኔ ነገር ይኸው ነበር፣
ያ ዓርብ ባይመጣ።

ስምንት ሰዓት ገደማ፣
አንዲት ልጅ ከደረጃው አፍ ላይ ቆማ፣
ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፣
አንድ እግሯን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፤
ደግሞ ዘረጋችው።
ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ግራ ቀኟን ያልፋታል፤
አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አንዱ በሻንጣ ይነካታል።
እንዲህ ቀሚስ መሰብሰብ የት እንደሚለመድ አውቃለሁ፤
ቦርከና ሲሞላ እኔም እንዲያ አድርጌ ተሻግሬያለሁ።

“አይዞሽ” አልኳት።
ደነገጠች፤ የደረሱባት መስሏት።
“ዘምዘም እባላለሁ፣ ከከሚሴ። በሁለት ዓመት ካራት ወሬ
የወጣሁት ገና ዛሬ።”
አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች ከቦርሳ፤
“አል ዋብ” ይላል በፊደላችን፣ በዓይን ኩል ተጽፎ፣ እንዳይረሳ።
እህቷ እዚያ ናት፤ እዚሁ ከተማ፣ ሌላ ሰው ቤት፤
ካገር ከወጡ ወዲህ በስልክ ብቻ ነው የሚያውቋት ድምፅ ለድምፅ።
አምስት ጣቢያ።
ሁለት ዓመት ካራት ወር፣ አምስት ጣቢያ።

“ደረጃውን አትዪው” አልኳት፣ “እኔን እዪ።
ይህ ወንዝ ሲወስድሽ ነው የሚያሻግርሽ፤ አትታገዪ።”
እጀታውን ያዢ ብላት ያዘችው እጄን፣ ከነጨርቄ፤
እኔ የማልሄደው፣ ሳላስፈቅድ፣ ቦታዬን ለቅቄ
አብሬያት ወረድኩ።
ቢጁ ከላይ “ሽታዬ! ሽታዬ!” ይላል፤
አልሰማሁም ልበል? ሰምቼዋለሁ።

“አምስት ቁጠሪ!” አልኳት ታች፤ በሩ ሊዘጋ ቸኩሎ፣
ሰው ዋጣት። ከዚያ አንድ እጅ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ከፍ ብሎ
ሰማያዊ ነገር ያውለበልባል።
ጨርቄ ነው።

ስመለስ ባዶ እጄን ነበርኩ። እጀታውን ያዝኩት፣ እንደ ሰው።
አራት ዓመት ስወለውለው
ሞቃት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቢጁ ወገቡን ይዞ “ጨርቅሽ የት አለ?”
“ተሳፈረ” አልኩት። ደብተሩን ገለጠ፤
“ምን ብዬ ልጻፍ?” አለ።
ምን እንደ ጻፈ እንጃ፤ እኔ እየቆጠርኩ ነበር፦
ቢን ማሕሙድ፣
አል ሳድ፣
ጆዓን፣