የቆርቆሮ ድምፅ

ነፋስ በማያርፍባት ሊየፓያ፣ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣
ስካይድሪተ ትኖራለች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለብቻ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዓሣ ሲታሸግ በሚዋልበት፣
ሥራዋ ማዳመጥ ነበር፣ ሌላው በዓይኑ በሚያምንበት።
በቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ክዳን ክዳኑን ስትነካ፣
ደህናው «ኪን» ይላል ጥርት ብሎ፣ ብርጭቆ እንደሚነካካ፤
የታመመው «ዱም» ይላል፣ ሆዱ በጋዝ ተነፍቶ፣
ላዩ ከሁሉም አብረቅርቆ፣ ውስጡ በስብሶ ሸትቶ።

አኮርዲዮን አማራት።
ባሏ ቮልደማርስ አንድ ነበረው፣ ቀይ፣ ደም የመሰለ፣
በክፉው ክረምት፣ ለከሰል ዋጋ፣ ገበያ ወጥቶ የኮበለለ።
ልትጫወተው አይደለም፤ ጣቷማ ደርቋል እንደ ጭራሮ፤
ወንበሩ ላይ ይቀመጥላት፣ ሰው በነበረበት፣ ዘንድሮ።

መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ሰክታ፣ ገባች ከስልኳ ጨረታ፤
አገኘችው! ቀይ። ባለ ሰማንያ ባስ። ዋጋው ሲታይ ግን ስጦታ።
ሌላው ስድስት መቶ ዩሮ ሲል፣ ይኸኛው መቶ አርባ፤
ሻጩ «ኤድጋርስ ከቬንትስፒልስ»፤ ምስሉ ፊት አይደለም፣ አበባ።
«የአባቴ ነበር» ይላል፣ «ነፍሳቸውን አምላክ ይማር፤
ለሚያከብረው ሰው ልስጠው ብዬ ነው፤ ገንዘብማ ምንድን ነው? አፈር።»
አነበበች። ትንሽ እንባ አቀረረች።
ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቷ አንኳኳች።

መጀመሪያ ፎቶውን።
ከአኮርዲዮኑ ጀርባ፣ በመስኮት፣ በረዶ ተከምሮ ይታያል፤
ጊዜው ግን ሐምሌ ነው፤ የቬንትስፒልስ ልጅ ሁሉ ባሕር ገብቶ ይዋኛል።
ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም፣ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ፤
በዚህ አገር እንዲህ ያለ የለም፣ ካልመጣ በቀር እንግዳ።
ዱም።

ቀጥላ ሰውየውን።
ሂሳቡን የከፈተው ማክሰኞ ነው፤ አንዲት ማንኪያ ሸጦ አያውቅም፤
ያመሰገነውም የለም፣ የረገመውም የለም።
ዱም።

በትሕትና ጻፈችለት፦ «ልጄ፣ ተባረክ፤
ቁልፎቹ ላይ ማንኪያ አስቀምጥና፣ አንድ ፎቶ ብቻ ላክ።»
መልሱ በደቂቃ መጣ፤ ፎቶ አይደለም፣ ጥድፊያ፦
«ሦስት ሰው ደጅ ላይ አለ፣ እናቴ፤ ድርጅቱ ደግሞ ኮሚሽን በሊታ፤
ከጨረታው ወጥተን በጎን እንጨርስ፤ መቶ ሃያ ይላኩ፣ በዚህ ሂሳብ፣ እስከ ማታ።»
ዱም። ዱም።

ታች ቤት ያለው አልዲስ ትዝ አላት። አምና፣ በጎን ከፍሎ፣ አምኖ፣
የጀልባ ሞተር ሲጠብቅ ጡብ መጣለት፣ በጋዜጣ ተሸፋፍኖ።
ጡቡን አልጣለውም፤ በሩን ደገፈበት፣ ነፋስ እንዳያላጋው፤
ለጠየቀው ሁሉ፣ «ሁለት መቶ ሰማንያ ዩሮ ነው» ይላል፣ «ዋጋው።»

እውነቱን ልናገር? እጇ ተንቀጥቅጧል። ቀዩ ቀለም ይጠራታል።
ማወቅ ሌላ፣ መተው ሌላ፤ የወደዱት ሲያታልል ያማል።
ያኔም፣ የተነፋውን ቆርቆሮ ከመስመሩ ነጥላ ስትጥል፣
እጇ ይሳሳ ነበር፣ እንደ ብር ሲንቦገቦግ፣ ሲንቀለቀል።
ግን ጣለችው።
ስሙን፣ የሂሳቡን ቁጥር፣ የበረዶውን መስኮት ሳይቀር
ለድርጅቱ ጻፈች፤ ስልኳን ደፍታ ተኛች፣ ኩርምት ብላ፣ እስኪነጋ ድረስ በቀር
ማንንም ሳትጠብቅ።

በመስከረም ሌላ አገኘች፤ ቀይ አይደለም፣ ቡናማ፣ አሮጌ፣
ሻጯ ማይጋ፣ የኩልዲጋ ሴት፤ ፎቶ ያነሣችው ከስንጥቁ ጀምራ ነው እንጂ
ከጌጡ አይደለም።
«አንድ ቁልፉ አይናገርም፤ መጥተሽ ስሚው፣ ሳትከፍይ ቀድመሽ፤
ካልጣመሽ ሻይ ጠጥተሽ ሂጂ፣ ለአውቶቡሱ ብቻ ከስረሽ።»
ሄደች። ሳጥኑን በጣቷ መታችው። ጆሮዋን አስጠጋች።
ኪን።
አራት መቶ አሥር ዩሮ፣ አንድ በአንድ ቆጥራ ሰጠች።

አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቁልፉ ዝም ይላል።
ነፋሱ ሲበረታ፣ ወናፉ በራሱ ትንሽ ይተነፍሳል።
ትናንት ማታ መልእክት መጣላት፣ ከሌላ ስም፣ ከሌላ አበባ፦
«እናቴ፣ አኮርዲዮን ይፈልጋሉ አሉ። አንድ አለኝ። የአባቴ...»
ሹራቧን ሳታስቀምጥ፣
ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳች።